ሙዱ እስኪመጣ አትጠብቁ

«ደበረኝ» የማይል ተማሪ የለም። ፈተና ሲበላሽ ይደብራል፣ ከጓደኛ ጋር ሲኮራረፉ ይደብራል፣ እሑድ ማታ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት ይደብራል። ይሄ ተኝተው ሲነሱ ይለቃል። እኔ የማወራው ስለማይለቀው ነው።

ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ሦስት ገጽ የሆነች አሳይመንት ነበረችብኝ። ላፕቶፑን እከፍታለሁ፣ ርዕሱን አነባለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለፈ። ክላስ እገባ ነበር፣ እበላ ነበር፣ ሰው ሲቀልድም እስቅ ነበር፤ ስለዚህ ሰነፍኩ እንጂ አመመኝ ብዬ አላሰብኩም። ቀላል ድብርት የሚሸውደው በዚህ ነው። አልጋ ላይ አይጥልም፣ ግን ሁሉን ነገር ያከብዳል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ሐኪሞች ሁለት ሳምንት ይላሉ። ለሁለት ሳምንት ያህል አብዛኛውን ጊዜ ከከፋችሁ፣ ወይም ድሮ ደስ የሚላችሁ ነገር ጣዕም ካጣ፣ እንቅልፍና ምግብም ከተዛባ፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ካለና ራሳችሁን መውቀስ ከበዛ ልብ በሉ። ድብርትን የሚለካ ፒኤችኪው-9 የሚባል ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ አለ፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ሲሆን ከ5 እስከ 9 ያለው «ቀላል» ይባላል። 10ና ከዚያ በላይ ከመጣ ባለሙያ ጋ ሂዱ። ዝቅ ብሎም ድካሙ ከበረታ መታየት አይከፋም፤ ደም ማነስም ሆነ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ችግር እንዲሁ ያዝላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሲደብረን ነገር እንተዋለን፦ ኳሱን፣ ጓደኛን፣ ክላስን። ስንተው ደስ የሚያሰኘን ነገር ይቀንሳል፣ ያ ሲቀንስ የባሰ ይደብረናል፣ ሲብስ ደግሞ የቀረችውንም እንተዋለን። «ሙዴ ሲስተካከል እጀምራለሁ» ማለት የማይሠራው ለዚህ ነው። ሥራው ይቀድማል፣ ሙዱ ከኋላ ይመጣል። ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ድብርትን ለማከም ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ቁም ነገሩ ሥራውን እስኪያስቅ ድረስ ማሳነስ ነው። «ዛሬ አጠናለሁ» አትበሉ። «አራት ሰዓት ላይ ፋይሉን ከፍቼ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፣ ቢያስጠላም» በሉ። እኔ በአሥረኛው ቀን የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር በእውነት ያስጠላ ነበር፤ ግን ከሥሩ ሌላ መጣ። አሳይመንቷ ዘግይታ ገባች፣ ነጥብም ተቆረጠብኝ፣ ይሁን። ወረቀት ላይም ያዙት፦ ከመጀመራችሁ በፊት ስሜታችሁን ከ10 ስንት እንደምትሰጡት፣ ከጨረሳችሁ በኋላም እንዲሁ። 3 የነበረው 4 ቢሆን ነው። ግን በሳምንቱ መጨረሻ ወረቀቱን ስታዩ የትኛው ነገር ከፍ እንደሚያደርጋችሁ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እግር ማፍታታትም ይረዳል፣ ጂም መመዝገብ አይጠይቅም። ጫማችሁን ማታውኑ በሩ ጋ አስቀምጡና ጠዋት ሃያ ደቂቃ ተራመዱ። እንቅልፍ ላይ ደግሞ መተኛ ሰዓት ላይ ከመታገል ይልቅ የመነሻ ሰዓታችሁን አንድ አድርጉት፣ ቅዳሜና እሑድንም ጨምሮ። ከሰዓት በኋላ ቡና ቀንሱ። መጠጥ ለዚያች ማታ ያስረሳል፣ በማግስቱ ግን ከነወለዱ ይመልሳል።

ለአንድ ሰው ንገሩ። ለሁሉም አይደለም፣ ለአንድ። «በርታ» «ጠንከር በይ» የሚለው ምክር ያናድዳል፣ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው የምትፈልጉትን ቁርጥ አድርጋችሁ ተናገሩ፦ «ሰሞኑን ደህና አይደለሁም፣ ምክር አልፈልግም፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ቀስቅሰኝ።» ሰው ምን እንደሚያደርግ ሲነገረው ይቀለዋል።

ይሄን ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት ሞክራችሁ ካልቀለለ፣ ወይም ክላስ መግባቱ ራሱ እያቃታችሁ ከመጣ፣ የግቢያችሁን አማካሪ አናግሩ። ብዙ ሰው መድኃኒት ይሰጡኛል ብሎ ይፈራል፤ ለቀላል ድብርት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በንግግር ሕክምና ነው። ምን እንደምትሉ ከጨነቃችሁ ያቺን ወረቀት ይዛችሁ ግቡ።

«ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ሳምንት መቁጠር የለም። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ቀስቅሱና ንገሩት፤ ብቻችሁን አትቆዩ፣ አብራችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።