በኤሌክትሪክ ዊልቸር በአውሮፕላን ለመሄድ እንዴት መዘጋጀት ይቻላል

ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው ወንበሩ ሻንጣ አይደለም፣ እግሩ ነው። ካርጎ ውስጥ የሚጭኑት ሰዎች ግን ወንበሩን አያውቁትም፣ ስለዚ ዋናው ዝግጅት እኛ በሌለንበት ወንበራችንን ለሚነካው ሰው ስራውን ማቅለል ነው።

መጀመሪያ ቲኬት ስትቆርጡ እዛው ተናገሩ። በአውሮፓ ህብረት ህግ እርዳታ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ማሳወቅ አለበት፣ ሌላ ቦታም ብትሄዱ ይሄንኑ ብትጠብቁ ጥሩ ነው። ስትደውሉ ደግሞ "ዊልቸር አለኝ" ብቻ ብላችሁ አትዝጉት፣ የትኛው የእርዳታ ኮድ (ምን ያህል እርዳታ እንደምትፈልጉ የሚናገር ምልክት) እንደተመዘገበላችሁ ጠይቁ። ደብሊው ሲ ኤች አር (WCHR) ደረጃ መውጣት ለሚችል ረጅም መንገድ መሄድ ግን ለሚከብደው ነው፣ የመጨረሻው ፊደል ኤስ ከሆነ ደረጃ አይወጣም ግን ውስጥ ከገባ መቀመጫው ድረስ ራሱ ይሄዳል፣ ሲ ከሆነ እስከ መቀመጫው ድረስ የሚያደርሰው ሰው ይፈልጋል ማለት ነው።

ቀጥሎ ባትሪው፣ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው እሱ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ቮልት በአምፔር ሰዓት አባዙት፣ ለምሳሌ 24 ቮልት እና 10 አምፔር ሰዓት ከሆነ 240 ዋት ሰዓት ይሆናል። የሚነቀል ሊቲየም ባትሪ ከወንበሩ ወጥቶ ከናንተ ጋር ካቢን ውስጥ የሚገባ ከሆነ ከ300 ዋት ሰዓት መብለጥ የለበትም፣ መለዋወጫ ደግሞ እስከ 300 የሆነ አንድ ወይም እያንዳንዳቸው እስከ 160 የሆኑ ሁለት ይፈቀዳል፣ መለዋወጫውን ሻንጣ ውስጥ ከታችሁ እንዳታስረክቡት። ይሄን ቁጥር ቀድማችሁ በኢሜይል አስፈቅዱና መልሱን ፕሪንት አርጋችሁ ያዙ፣ ቼክኢን ላይ ያለው ሰራተኛ ህጉን ላያውቀው ይችላል።

የጉዞው ቀን ወንበሩን ከማስረከባችሁ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱት። ትራሱን፣ ወንበሩን የምትነዱበትን ጆይስቲክ (የሚፈታ ከሆነ)፣ የእግር ማሳረፊያውን ፈታችሁ ካቢን አስገቡ። ከዛ ትልቅ ወረቀት ላይ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው ማንሻ የት እንዳለ፣ ከየት ይዘው ማንሳት እንዳለባቸውና በጎኑ መተኛት እንደሌለበት ጽፋችሁ በደንብ እሰሩበት፣ ስእል ካለው በጣም ይረዳል ምክንያቱም የሚጭነው ሰው ቋንቋችሁን ላያነብ ይችላል። እኔ ይሄን ወረቀት ሳላስር የሄድኩ ጊዜ ማንሻውን ሳይነኩ በጉልበት ጎትተውት ሞተሩ ተበላሸና የሄድኩበትን ሳምንት በሙሉ ሰው እየገፋኝ ጨረስኩት፣ እንደዛ የከበደኝ ጊዜ የለም።

መድሃኒት በሙሉ ከናንተ ጋር፣ በራሱ ማሸጊያ፣ ከሃኪም ወረቀት ጋር። ኢንሱሊን የምትወስዱ ካላችሁ ካርጎ ውስጥ ሊበርድና ሊበላሽ ስለሚችል በፍጹም አትላኩት።

አውሮፕላኑ ውስጥ ስትገቡ ሳያፍሩ ሆስተሷን ጠርቶ አደጋ ቢመጣ ማን እንደሚያወጣችሁ፣ የትኛው በር ቅርብ እንደሆነ መጠየቅ ነው፣ እናንተም እንዴት ብታነሳችሁ እንደማያማችሁ ንገሯት።

ስትደርሱ ወንበሩን ሳትሞክሩት ከኤርፖርት አትውጡ። የተሰበረ ነገር ካለ እዛው አስመዝግቡና የሪፖርቱን ኮፒ ተቀበሉ፣ የአየር መንገዶችን የካሳ ኃላፊነት በሚወስነው በ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ለሚገዛ ኢንተርናሽናል በረራ የተበላሸ ንብረት አቤቱታ በ7 ቀን ውስጥ በጽሁፍ መግባት አለበት። ካሳው ጣሪያ ስላለው ውድ ወንበር ያላችሁ ስታስረክቡ ዋጋውን በጽሁፍ አሳውቁ፣ ተጨማሪ ክፍያ ከጠየቁም ከፍላችሁ ደረሰኙን ከፎቶዎቹ ጋር አስቀምጡት።