በረዶ ላይ የቆመ ቤት፦ መሠረቱን የሚያሰምጡት ስህተቶች

ፌርባንክስ፣ አላስካ መጀመሪያ የተከራየሁት ቤት የኩሽናው በር አልዘጋ ይለኝ ነበር። ማጠፊያው የላላ መስሎኝ ብሎኑን አጠበቅኩት። ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ሆነና እንደገና ያዘ። አንድ ማታ ሽንኩርት ስልጥ አንዱ ከእጄ አመለጠና ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ጥግ ድረስ ሄደ። ሌላ አስቀመጥኩ። እሱም እዚያው ጥግ ሄዶ ቆመ። በማግስቱ ውሃ ልክ ተውሼ ለካሁ። የቤቱ አንዱ ማዕዘን ሰምጧል።

እዚያ አካባቢ ከአፈሩ ሥር ፐርማፍሮስት አለ። ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከ0 ዲግሪ በላይ ሳይሞቅ የቆየ መሬት ማለት ነው። የላይኛው ስስ ንጣፍ በሙቀት ወራት ይቀልጣል፣ በብርድ ወራት ተመልሶ በረዶ ሆኖ ይረጋል። ከሥሩ ያለው ግን እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይኖራል፤ አፈሩን አጣብቆ የያዘው በውስጡ ያለው በረዶ ነው። በረዶው ሲቀልጥ አፈሩ ጭቃ ይሆናል። ውሃው ወጥቶ ሲሄድ መሬቱ ይሰምጣል። አዲስ አበባ ዋልካ አፈር ላይ ቤት የሠራ ሰው ጭንቀቱን በሌላ መልኩ ያውቀዋል፤ ዋልካ ዝናብ ሲገባበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እዚያ የሚፈራው ውሃ ነው፣ እዚህ ሙቀት። ዋልካን ቆፍሮ አውጥቶ በሰሌክት (በተመረጠ ጠጠራማ አፈር) መተካት ይቻላል። በብዙ አሥር ሜትሮች የሚለካ የረጋ መሬት ግን ወዴት ይወጣል?

እኔን የሚያሳዝነኝ፣ አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ቤቱን ለመንከባከብ ሲባል ከሚደረግ ነገር መሆኑ ነው።

የቤቱን ሥር መዝጋት

አከራዬ ደግ ሰው ነበሩ። ወለሉ ይበርዳል ብለው ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራውን ቤት ዙሪያውን ከሥሩ በኮምፔንሳቶ ዘግተውታል፣ ከውስጥ በኩልም ሙቀት የሚይዝ ፎም ለጥፈውበታል። እግራችን ሞቀ። መሬቱም ሞቀ።

ያ ክፍት ቦታ ለጌጥ የተተወ አይደለም። ከወለሉ ወደ ታች የሚወርደውን ሙቀት ነፋስ ጠርጎ እንዲወስደው፣ በብርድ ወራትም ቀዝቃዛው አየር መሬቱን እንዲነካው የተተወ ነው። ሳይቤሪያ ውስጥ ያለችውን ያኩትስክ ያዩ ሰዎች ይህን ያውቃሉ። ከ300,000 በላይ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ትልልቆቹ ፎቆቿ በኮንክሪት ፓይል (መሬት ውስጥ ጠልቆ በተተከለ ምሰሶ) ላይ ተነስተው ሥራቸው ወለል ብሎ ይታያል። እዚያው ከተማ ሸርጊን የተባለ ነጋዴ ከ1828 እስከ 1837 እ.ኤ.አ. ውሃ ፍለጋ ጉድጓድ አስቆፍሮ ነበር። 116 ሜትር ወርደው መሬቱ ገና እንደረጋ ነበር። እንዲህ ያለ መሬት እንኳ ሥሩ በታፈነ ሙቅ ቤት ቀስ በቀስ ይሸነፋል።

ወለሉ ከበረደ ፎሙን ከወለሉ ሥር፣ ከእንጨቱ ጋር አጣብቁት። ሙቀቱ ቤቱ ውስጥ ይቅር። መሬቱ ዙሪያ ግን ምንም አትዝጉ፤ ዕቃ ማከማቻም አታድርጉት። የተደረደረ እንጨትና አሮጌ ጎማም ነፋሱን ያግዳል።

ግቢውን አጽድቶ መጀመር

እኛ አገር ቦታ ሲገዛ የመጀመሪያው ሥራ ምንጣሮ ነው። ዛፉ ይቆረጣል፣ ሣሩ ይላጣል፣ ማሽን ገብቶ ይደለድላል። በፐርማፍሮስት ላይ ከዚህ የከፋ አጀማመር የለም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች በ1946 እ.ኤ.አ. ፌርባንክስ አጠገብ፣ ፋርመርስ ሉፕ በሚባለው ሰፈር፣ ሦስት ቦታ ከለሉ። አንዱን እንዳለ ተዉት። ከሁለተኛው ዛፉን ብቻ ቆረጡ፣ መሬቱን እንደ ፍራሽ የሸፈነውን ሞስ የሚባል ለስላሳ እጽዋት ከነሥሩ ተዉለት። ሦስተኛውን ሙልጭ አድርገው ላጡት። ከ26 ዓመት በኋላ ሲለኩ ሙልጭ የተደረገው 6.7 ሜትር ድረስ ቀልጧል። ዛፉ ብቻ የተቆረጠበት 4.7 ሜትር። ያልተነካው እንደነበረ ነው። ልብ በሉ፣ ማንም ቤት አልሠራባቸውም፣ ማንም እሳት አላነደደባቸውም።

ያ ሞስ በሙቀት ወራት ደርቆ እንደ ፎም ሙቀት ይከለክላል፤ በብርድ ወራት ረጥቦ ሲረጋ ደግሞ ቅዝቃዜውን ወደ ታች ያሳልፋል። ሰው የሠራው ፎም ይህን አይችልም። ስለዚህ የምታነሱት ዛፍ ቤቱ የሚያርፍበትን ብቻ ይሁን። ሞሱን ሳትልጡ ወፍራም የጠጠር ሙሊት ከላዩ አልብሱት። ማሽኑም የሚሄደው በሙሊቱ ላይ ብቻ ነው። አንዴ የጎማ ዱካ ከተወ በሚቀጥለው ዓመት ዱካው ኩሬ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ኩሬው ደግሞ የፀሐይ ሙቀት እያጠራቀመ ከሥሩ ያለውን ያቀልጣል።

አንድ ቦታ ቆፍሮ መተማመን

ፌርባንክስ ላይ ፐርማፍሮስቱ ቁርጥራጭ ነው። ፀሐይ በሚመታው ተዳፋት ላይ ላይኖር ይችላል፤ ሸለቆው ውስጥና ወደ ሰሜን በዞረው ተዳፋት ላይ ይኖራል። በረዶውም በእኩል አልተበተነም። መሬት ውስጥ ሽብልቅ እየመሰለ ወደ ታች የወረደ ንጹሕ የበረዶ ግድግዳ አለ፤ ከእሱ ጥቂት ሜትር ፈንጠር ብሎ ደግሞ ተራ አፈር። አንድ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ደህና ነው ብትሉ የሳሎኑን ብቻ አውቃችኋል፣ የመኝታ ቤቱን አይደለም። በየማዕዘኑ ይቆፈር። የወጣው አፈር እንደረጋ ይመርመር፣ የምድሩም ሙቀት ይለካ። ሶይል ቴስት ያስወጣል፣ እውነት ነው። ቤት ማቃናት ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ያስወጣል።

በትናንቱ አየር ማስላት

ይህኛው አዲሱና ትልቁ ስህተት ነው። ከ1979 እ.ኤ.አ. ወዲህ አርክቲክ (የምድር ሰሜናዊ ጫፍ) ከዓለም አማካይ በአራት እጥፍ ገደማ ፍጥነት ሞቋል። የድሮ መሐንዲስ የሠላሳ ዓመት የአየር መዝገብ ይዞ ቢያሰላ ልክ ነበር። ዛሬ ያንኑ መዝገብ ይዞ የሚያሰላ ሰው የሚሠራው ለጠፋ አየር ነው። ቤቱ የሚቆመው በሚቀጥሉት አምሳ ዓመታት ነውና ስሌቱም የእነሱን ሙቀት ይያዝ።

ብዙ ሰው «ካልቀለጠ ችግር የለም» ይላል። አይደለም። ፓይልን የሚይዘው ከጎኑ የተጣበቀው የረጋ አፈር ነው። አፈሩ ከ5 ዲግሪ ከዜሮ በታች ወደ 1 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲደርስ ገና በረዶ ነው፣ የመያዝ ጉልበቱ ግን በጣም ወርዷል። ፓይሉ ሳይታወቅ በዝግታ ይሰምጣል። የላይኛው ቀላጭ ንጣፍ በወፈረ ቁጥር ደግሞ በብርድ ወራት ተመልሶ ሲረጋ ፓይሉን ጨብጦ ወደ ላይ ይስባል። አጭር የተቀበረ ፓይል ከዓመት ዓመት እየተነቀለ ይወጣል።

ሜይ 29 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ሩሲያ፣ ኖሪልስክ አጠገብ የአንድ ኃይል ማመንጫ ነዳጅ ታንከር መሠረቱ ከድቶት ተቀደደ። ከ20,000 ቶን በላይ ናፍጣ ወደ መሬትና ወደ ወንዞች ፈሰሰ፣ ውሃው ቀይ ሆነ። ኩባንያው መጀመሪያ የሚቀልጠውን መሬት ከሰሰ። የመንግሥት መርማሪዎች ግን የመሠረቱን ግንባታ ጉድለትና የክትትል ማነስንም አነሱ። እኔ ሁለቱንም አምናለሁ። የሚሞቅ አየር የሚያጋልጠው ቀድሞ የተደበቀን ስህተት ነው።

ውሃና ስኖው

ውሃ ሙቀት ተሸካሚ ነው። አሸንዳው የጣሪያውን ውሃ ፓይል ሥር የሚያፈስ ከሆነ ዛሬውኑ አርዝሙት። የሚያንጠባጥብ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ለነገ አይባልም። ስኖው፣ ከሰማይ የሚወርደው ለስላሳ ነጭ በረዶ፣ ደግሞ ብርድ ልብስ ነው። ቤቱን ተደግፎ ሲከመር መሬቱ ብርዱን እንዳያገኝ ያደርጋል፤ የዓመቱ ብርድ በከንቱ ያልፋል። መንገድ ስትጠርጉ ወደ ቤቱ አትግፉት።

ፎምን ወይም ቱቦን እንደ ተአምር ማየት

ፎም ሙቀትን ያዘገያል እንጂ አያስቆምም። ሙቅ ወለል በቀጥታ መሬት ላይ አንጥፎ «ከሥሩ ፎም አለው» ማለት መቅለጡን በጥቂት ዓመታት ማዘግየት ነው።

ቴርሞሳይፎን የሚባለው ቱቦ የተሻለ ነው። የታሸገ ቱቦ ነው፤ ውስጡ አሞኒያ ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። በብርድ ወራት ፈሳሹ ከታች የመሬቱን ሙቀት ወስዶ ይተናል፣ ከላይ በብርዱ ተመልሶ ፈሳሽ ሆኖ ይወርዳል። መብራት አይፈልግም። አላስካን አቋርጦ 1,287 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የነዳጅ ቧንቧ ብቻ ከ120,000 በላይ እንዲህ ያሉ ቱቦዎች አሉት። ግን የሚሠራው አየሩ ከመሬቱ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። የብርድ ወራት ባጠሩ ቁጥር የሥራ ጊዜውም ያጥራል። ጋዙ ካመለጠ ደግሞ ቱቦው ተገትሮ ይቆማል፣ ማንም አያውቅም። ብርዱ ሲጠነክር ጫፉ ከአየሩ ትንሽ ሞቅ ማለት አለበት፤ ይህን በሙቀት ካሜራ በየዓመቱ ማየት ይበቃል።

ስንጥቁን ለስኖ ዝም ማለት

ግድግዳ ሲሰነጠቅ በጄሶ ደፍኖ ቀለም መቀባት እኛም አገር የተለመደ ነው። ስንጥቁ መልእክተኛ ነው። መጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ይፈለግ፣ ከዚያ ቤቱ ይስተካከል። ለዚህም መሠረቱ ከመጀመሪያው የሚስተካከል ሆኖ ቢሠራ ጥሩ ነው። እንደ መኪና ክሪክ በሽክርክሪት ከፍና ዝቅ የሚል የብረት እግር አለ። አርማታ አፍስሶ ድርቅ ያለ መሠረት ማበጀት ጠንካራ ይመስላል፤ አንዱ ጥግ ሲሰምጥ ግን ቤቱን ይዞ ይሰበራል።

አከራዬ በመጨረሻ ብርዱ ሊገባ ሲል ኮምፔንሳቶውን አወለቁ። እኔም አገዝኳቸው። ውስጡ ገብቼ መሬቱን በእጄ ነካሁት፤ ለብ ያለና የረጠበ ነበር፣ የሻገተ ይሸታል። የብርዱን ወራት በሙሉ ክፍት ተወነው። ፎሙን ወለሉ ሥር መለስነው። በሚቀጥለው ዓመት ማዕዘኑን በክሪክ አንስተው ከእግሩ ሥር ሽብልቅ አስገቡ። በየእግሩ ላይ በማርከር መስመር አሰመርኩ፣ ቀኑንም ጻፍኩ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መሬቱ መቅለጥ ሲጀምርና መርጋት ሲጀምር፣ ውሃ ልክ ይዤ ሥሩ እገባ ነበር። ስወጣ መስመሮቹ እኩል ነበሩ፣ የኩሽናው በርም ይዘጋል።