ጊዜም ገንዘብም ሳይኖር የትርፍ ጊዜ ድረ ገጽን ማስተዋወቅ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሚወዱት ነገር ላይ፣ ቴምብር መሰብሰብም ይሁን የድሮ ካሜራ መጠገን፣ ድረ ገጽ ሠርተዋል። ለማስተዋወቅ የሚተርፍዎት ጊዜ በሳምንት ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው፤ ለማስታወቂያ የሚከፍሉት ገንዘብ የለም። እንዲህ ከሆነ እያንዳንዱን ሥራ በአንድ ጥያቄ ይመዝኑት፦ ዛሬ ይህን ሠርቼ ለሦስት ወር ባልመለስበት ጎብኚ ማምጣቱን ይቀጥላል? ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚሠሩ ናቸው።

የፍለጋ ሞተር የማያየውን ድረ ገጽ ማስተዋወቅ

ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ ነው። ሰው ወራት ሙሉ ሊንክ ሲያሰራጭ ድረ ገጹ ለጎግል ተዘግቶ ይቆያል። ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ሪዲንግ በሚለው ክፍል፣ የፍለጋ ሞተሮች ድረ ገጹን እንዳይመዘግቡ የሚጠይቅ ሳጥን አለ። ድረ ገጹ ገና ሲሠራ ምልክት ይደረግበታል፤ ሥራው ሲያልቅ ምልክቱን ማንሳት ይረሳል። ለፍለጋ ሮቦቶች (ገጾችን እየዞሩ ለሚያነቡ ፕሮግራሞች) መመሪያ በሚሰጠው፣ ሮቦትስ በሚባለው ፋይል ውስጥም «ዲስአላው» ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ አንዲት እዝባር (/) ብቻዋን ከቆመች፣ የፍለጋ ሮቦቶች ከመላው ድረ ገጽ ተከልክለዋል ማለት ነው።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ጎግል ላይ «ሳይት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፤ ሁለት ነጥብ ያስከትሉና የድረ ገጽዎን አድራሻ ያለ ክፍተት ያያይዙ። ምንም ካልመጣ ወይ ተዘግቷል ወይ ገና አልተመዘገበም። ቀጥሎ ድረ ገጽዎ በጎግል ፍለጋ ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳየውን፣ በነፃ የሚሰጠውን ጎግል ሰርች ኮንሶል ይክፈቱ። ባለቤትነትዎን ለማረጋገጥ የሚሰጥዎትን ፋይል ድረ ገጽዎ ላይ ይጫኑ ወይም በዶሜይንዎ (በድረ ገጽዎ ስም) የዲኤንኤስ መዝገብ፣ ማለትም ስሙን ከሰርቨሩ ጋር በሚያገናኘው ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ። ከዚያ የሳይትማፑን፣ ማለትም የገጾችዎን ዝርዝር የያዘውን ፋይል፣ አድራሻ ያስገቡ። በጣም የሚያስፈልጉትን አምስት ወይም ስድስት ገጾች ደግሞ አንድ በአንድ አስመርምረው እንዲመዘገቡ ይጠይቁ። የሌላው የፍለጋ ሞተር የቢንግ ተመሳሳይ መሣሪያ፣ ዌብማስተር ቱልስ፣ ይህንኑ መረጃ ከሰርች ኮንሶል በቀጥታ ስለሚቀበል ሁለተኛው ምዝገባ ጊዜ አይወስድም። ይህ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ሌላ ማንኛውም ሙከራ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

የፊት ገጹን ብቻ ይዞ መዞር

«ስለ ቴምብር ድረ ገጽ ከፍቻለሁ፣ ጎብኙልኝ» የሚል መልእክት ለአንባቢው የሚሰጠው ነገር የለም። ሰው የሚፈልገው ድረ ገጽ አይደለም፤ እጁ ላይ ላለው ችግር መፍትሔ ነው። ፖስታው ላይ የተጣበቀ ቴምብር ይዞ የተቸገረ ሰው «ቴምብር ሳይቀደድ እንዴት ይላቀቃል» ብሎ ይጽፋል። ይህን ጥያቄ በርዕሱ የያዘ አንድ ገጽ ከአሥር የ«ስለ እኛ» ገጾች ይበልጣል።

የገጹ የመጀመሪያ አንቀጽ መልሱን ይስጥ፦ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያቆዩት፣ ወረቀቱ ራሱ ሲለቅ ያንሱት፣ ፊቱን ወደ ታች አድርገው ያድርቁት። ከዚያ በታች ሌላው ጽሑፍ የዘለለው ዝርዝር ይምጣ። ቀለሙን የሚለቅ ባለቀለም ፖስታ ለብቻው መነከር አለበት፤ ያለበለዚያ አብረው ያሉትን ቴምብሮች ያበላሻል። ከአዳዲሶቹ ተለጣፊ ቴምብሮች ብዙዎቹ ደግሞ በውሃ አይለቁም፤ ዙሪያቸውን ትንሽ ወረቀት ትቶ መቁረጥ ይሻላል። ሰው ገጹን ለጓደኛው የሚልከው እንዲህ ላለው ዝርዝር ነው።

ጥያቄዎቹን ለማግኘት ፍለጋው ላይ ሁለት ቃል ጽፈው ጎግል ራሱ የሚያቀርባቸውን ማሟያዎች ያንብቡ። በዘርፉ ግሩፖች ውስጥ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱትንም ይመዝግቡ። ለአንድ ጥያቄ አንድ ገጽ ይስጡ፤ በወር አንድ ጥሩ ገጽ ይበቃል። ርዕሱ ላይ ዋናዎቹ ቃላት ቀድመው ይምጡ፤ ረጅም ርዕስ በፍለጋ ውጤት ላይ ጫፉ ይቆረጣልና። «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ርዕስ ያለው ገጽ ስለ ምን እንደሆነ ለማንም አይናገርም። በገጹ ኮድ ውስጥ ኪወርድስ የሚባለውን መስመር በቃላት መሙላትም ይቅርብዎ፤ ጎግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 አሳውቋል።

በአምስት መድረክ ላይ በአንድ ጊዜ መገኘት

ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ፤ ሁሉም ላይ ስም ይከፈታል፤ በሁለተኛው ወር ሁሉም ዝም ይላል። ለሁለት ሰዓት የሚበቃው አንድ መድረክ ነው፤ እሱም የሙያው ሰዎች አስቀድመው የተሰበሰቡበት ይሁን። ምርጫውን የሊንኩ ጉዳይም ይወስነዋል። ኢንስታግራም ላይ ከፎቶ ሥር የተጻፈ ሊንክ ሲነካ አይከፈትም፤ ሰው ገልብጦ ሌላ ቦታ መለጠፍ ይኖርበታል፤ ያን ያህል የሚደክም ደግሞ ጥቂት ነው።

ግሩፕ ውስጥ ሲገቡ በመጀመሪያ ቀን ሊንክ አይለጥፉ። ሕጉን ያንብቡ፤ የራስን ሥራ ማስተዋወቅ በተወሰነ ቀን ብቻ የሚፈቅዱ አሉ። ሰው ሲጠይቅ ሙሉውን መልስ እዚያው ይጻፉ፤ ሊንኩን ለተጨማሪ ፎቶ ወይም ሰንጠረዥ ብቻ ያስከትሉ። መልሱን ደብቆ «ገጼ ላይ ታገኙታላችሁ» ማለት ጠያቂውን ያስቀይማል፤ አስተዳዳሪውም ያባርራል። ዘጠኝ ጊዜ ረድተው አንድ ጊዜ ሊንክ ቢሰጡ ማንም አይከፋም።

ሊንኩ ለሌላ ሰው ሲላክ ባዶ ሳጥን የሚያሳይ ገጽ

ሊንክዎ ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ ሲላክ ያለ ፎቶና ያለ ርዕስ ከታየ አንባቢው ያልፈዋል። ማሳያው የሚመጣው ኦፕን ግራፍ ከሚባሉት የኮድ መስመሮች ነው፤ ርዕስ፣ አጭር መግለጫና ፎቶ ይይዛሉ። ፎቶው 1200 በ630 ፒክሰል ይሁን፤ በስልክ ላይ የማይነበብ ደቃቅ ጽሑፍ አይኑርበት። ካስተካከሉ በኋላም የድሮው ማሳያ መምጣቱን ከቀጠለ፣ መድረኩ ቀድሞ ያስቀመጠውን እያሳየ ነው። ለፌስቡክ ሼሪንግ ዲበገር የተባለው መሣሪያ፣ ለቴሌግራም ደግሞ ዌብፔጅ ቦት ያድሱታል።

ሊንክ በአቋራጭ መሰብሰብ

ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እርስዎ የሚመጡ ሊንኮች ብዙ ዋጋ አላቸው፤ ስለዚህም አቋራጩ ያጓጓል። «አንድ ሺህ ሊንክ በነፃ»፣ «አገናኘኝ ላገናኝህ» የሚሉ ዝርዝሮች ጊዜ ይበላሉ እንጂ አይጠቅሙም። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2012 ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ ያወጣው እንዲህ ያለውን ሥራ ለመከላከል ነው። ዊኪፔዲያ ላይ ሊንክ መለጠፍም መንገድ አይደለም። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ወደ ውጭ የሚወጡ ሊንኮች እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የፍለጋ ሞተሮች እንደ ድጋፍ እንዳይቆጥሯቸው የሚነግር ምልክት አለባቸው፤ አዘጋጆቹም ለማስታወቂያ የገባውን ይሰርዙታል።

የሚሠራው መንገድ ቀርፋፋ ነው፤ ነገር ግን ያገኙት አንድ ሊንክ ለዓመታት ይቆያል። በዘርፍዎ ያሉ ሃያ ድረ ገጾችን ይመዝግቡ፤ ማኅበራትን፣ ግለሰቦችን፣ ትንንሽ ሙዚየሞችን። «ጠቃሚ ሊንኮች» የሚል ገጽ ያላቸውን ይለዩ፤ እዚያ ያሉትን ሊንኮች እየነኩ የማይከፈቱትን ይያዙ። የሞተ ሊንክ ማግኘት ለመጻፍ ጥሩ ምክንያት ነው፤ ከመጠየቅዎ በፊት ረድተዋልና። በሳምንት ሦስት ደብዳቤ በቂ ነው፤ ለእያንዳንዱ ለብቻው የተጻፈ። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቴምብር አጠባበቅ ያዘጋጁትን ገጽ ተጠቀምኩበት፤ በተለይ ስለ እርጥበት የጻፉት ረድቶኛል። በሊንኮቹ ዝርዝር ውስጥ ሦስተኛውና ሰባተኛው አሁን አይከፈቱም። ሦስተኛው ስለ ማላቀቅ ነበር፤ በዚሁ ጉዳይ ፎቶዎች ያሉት ገጽ ስላዘጋጀሁ የሚጠቅም ከመሰለዎት አድራሻውን ከታች አስቀምጫለሁ። ስለ ሥራዎ አመሰግናለሁ።»

ሊንክ ያደረጉት ወደ አንድ የተለየ ገጽ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ የፊት ገጽ የተላከለት ሰው ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውሱ፤ ከዚያ ይተዉት። እርስዎም ሳይጠየቁ ጥሩ ሥራ ወዳላቸው ሰዎች ሊንክ ያድርጉ። በትንሽ ዘርፍ ውስጥ ባለ ድረ ገጾች ማን እንደጠቀሳቸው ያያሉ፤ ብዙ ወዳጅነት የሚጀመረውም በዚህ ነው።

ፎቶን ከካሜራው እንደወጣ መጫን

የስልክ ፎቶ ወርዱ 4000 ፒክሰል ገደማ፣ ክብደቱ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ስድስት ፎቶዎች ያሉት ገጽ በደካማ ኔትወርክ ሳይከፈት ሰው ይመለሳል። ወርዱን ወደ 1600 ፒክሰል፣ ክብደቱን ከ200 ኪሎባይት በታች ያውርዱት፤ ስኩሽ የተባለው ነፃ መሣሪያ ብሮውዘር ላይ ይሠራዋል። ጎግል የገጹ ትልቁ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል፤ ይህን ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በተባለው የፍጥነት መለኪያ ይለኩ። ለእያንዳንዱ ፎቶ የሚያሳየውን የሚናገር አጭር ጽሑፍ ይስጡት፤ ለዓይነ ስውራንም ለምስል ፍለጋም ያገለግላል።

አድራሻን መቀያየር

የገጽ አድራሻ በተቀየረ ቁጥር ወደ አሮጌው የመጡ ሊንኮች ባዶ ላይ ያርፋሉ፤ የደብዳቤው ድካም ሁሉ ይጠፋል። መቀየር ግድ ከሆነ ከአሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ የሚመራውን፣ 301 የሚባለውን ቋሚ ማዞሪያ ያድርጉ፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመት፣ ከተቻለ ለሁልጊዜ ይተዉት። በጎብኚውና በድረ ገጹ መካከል ያለውን ግንኙነት የሚጠብቀውን የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬትም አይርሱ፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነፃ ይሰጣል። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ያለ ሰርተፍኬት የሚከፈተውን ገጽ ደህንነቱ ያልተጠበቀ ብሎ ምልክት ያደርግበታል።

የጎብኚ ቁጥርን በየቀኑ ማየት

የዕለት ቁጥር በትንሽ ድረ ገጽ ላይ ያለ ምክንያት ይወጣል ይወርዳል፤ የሮቦትና የራስዎ ጉብኝትም ሊገባበት ይችላል። በወር አንድ ጊዜ ሰርች ኮንሶልን ለግማሽ ሰዓት ማየት ይበልጥ ያስተምራል። ሁለት ዓይነት ገጾችን ይፈልጉ። የመጀመሪያው በፍለጋ ብዙ ጊዜ ታይቶ ጥቂት ሰው የነካው ነው። ሰዎች የጻፏቸውን ቃላት ከዝርዝሩ አንብበው ርዕሱን ወደነሱ ያቅርቡ። ሁለተኛው አማካይ ደረጃው ከ8 እስከ 20 ባለው ውስጥ ያለ ገጽ ነው። የጎደለውን ጥያቄ መልሱበት፣ አንድ ግልጽ ፎቶ ጨምሩበት፣ ከሌሎቹ ገጾችዎም ሁለት ሦስቱን ወደሱ ያገናኙ። ርዕስና ይዘት በአንድ ቀን አይቀይሩ፤ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። አንዱን ለውጠው ቀኑን ይመዝግቡ፤ አራት ሳምንት ያህል ከጠበቁ በኋላ ሁለቱን ጊዜያት ጎን ለጎን ያስተያዩ።