በቅሬ (በወሎ ዕድር) ስብሰባ ላይ ስለ ጀርሞች መድኃኒት መላመድ እንዴት ማስረዳት ይቻላል?

በወሎ ከተሞችም ሆነ ገጠር «ይህን መድኃኒት ሰውነቴ ለምዶታል፤ ጠንከር ያለ ይሰጠኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሕዝብን ማስተማር የሚፈልግ ሰው ከዚህ አባባል ቢነሣ ይሻላል፤ ምክንያቱም አንቲባዮቲክን የሚለምደው የታማሚው ሰውነት ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። ነገሩ ቃል መሰንጠቅ አይደለም፤ የሚለምደው ሰውነት ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በወሳጁ ላይ ብቻ በቀረ ነበር፤ የለመደ ባክቴሪያ ግን ወደ ልጅም ወደ ጎረቤትም ይተላለፋል።

በመጀመሪያ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ተመካከሩና አንድ መልእክት ብቻ ምረጡ። ቀጥሎ ቦታ ፈልጉ። በባቲ የሰኞ ገበያ በድምፅ ማጉያ መናገር ብዙ ሰው ያሰማል እንጂ ቆሞ የሚጠይቅ አያስገኝም። ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድነት የሚያሰባስበው ቅሬ ይበልጣል፤ ሆኖም የለቅሶውን ዕለት ሳይሆን የመደበኛ ስብሰባውን ቀን ምረጡ።

ከዚያ ሰፌድ አስመጡ። አንድ እፍኝ ነጭ ማሽላ አፍስሱበትና አምስት ስድስት ፍሬ ቀይ ማሽላ ጣል አድርጉበት። ነጩ መድኃኒት የሚገድለው ባክቴሪያ፣ ቀዩ መድኃኒት የማይበግረው መሆኑን ተናገሩ። አንዲት እናት ነጩን እንዲለቅሙ ጠይቁ (ከእናንተ ይልቅ እርሳቸው ይፈጥናሉ)። ሰፌዱ ላይ ቀዩ ብቻ ሲቀር፣ በተለቀቀው ቦታ የሚራባው እርሱ መሆኑን ለማሳየት ሌላ እፍኝ ቀይ ማሽላ ጨምሩበት። አንቲባዮቲክ በተወሰደ ቁጥር ይኸው ለቀማ ይካሄዳል፤ ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ፣ ለጉንፋን ተብሎ ከጎረቤት የተለመነ የአሞክሲሲሊን ፍሬ ሕመሙን ሳያድን ለቀማውን ብቻ ያካሂዳል። ለሰው የታዘዘን መድኃኒት ለበግና ለዶሮ መስጠትም ያለ እንስሳት ሐኪም ምክር የሚደረግ ስለሆነ በዚሁ ላይ አንሡት።

ቁጥር ካስፈለገ አንድ ይበቃል፦ እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በዓለም ዙሪያ ለ1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት እንደሆኑ ተገምቷል። በሌላ በኩል «መድኃኒት አትውሰዱ» የሚል ስሜት አታሳድሩ፤ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

ለጊዜው ምርጫ ኅዳር ይመቻል። ከኖቬምበር 18 እስከ 24 የሚውለው የዓለም የመድኃኒት መላመድ ግንዛቤ ሳምንት በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 9 ገደማ ስለሚጀምር፣ ኅዳር 12 «ኅዳር ሲታጠን» በመካከሉ ይውላል። ዕለቱ የሚያስታውሰው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታም የቫይረስ ሕመም፣ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በቤት የተረፉ መድኃኒቶችን ግን ከቆሻሻው ጋር እንዳያቃጥሉ፣ ይልቁንም ባለሙያ እንዲጠይቁ አሳስቡ።

ከአንድ ወር በኋላ ቡና ላይ «መድኃኒት የሚለምደው ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አሁንም «ሰውነታችን» ከሆነ፣ ሰፌዱ በሚቀጥለው ስብሰባ ተመልሶ ይቅረብ።