ቢቲ ረጭታችሁ የጎመኑ ትል አልሞት ካለ

ጠዋት ጓሮ ስትወጡ የጎመኑ ቅጠል ወንፊት ሆኗል። ችግኙማ አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው። ቅጠሉ ላይ ጠቆር ያለ ለስላሳ ትል አለ። የቢራቢሮ ትል መስሏችሁ ቢቲ (ከባክቴሪያ የሚሠራ የትል መድኃኒት) ገዝታችሁ ረጫችሁ፣ ሳምንት አለፈ፣ እሱ ግን እየበላ ነው። መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው ብላችሁ ሻጩ ላይ ከመጮኻችሁ በፊት እግሩን ቁጠሩ።

የምሬን ነው። ሁለቱም ዓይነት ትል ፊት ለፊት 3 ጥንድ እግር አለው። ልዩነቱ ሆዱ ስር ያሉት ድቡልቡል እግሮች ላይ ነው። የቢራቢሮና የእሳት እራት ትል ቢበዛ 5 ጥንድ ነው ያለው። 6 እና ከዚያ በላይ ከቆጠራችሁ ሶውፍላይ ነው፤ ጎመን ላይ የሚወጣው 8 ጥንድ አለው። ሲነኩት ደግሞ ጥቅልል ብሎ ይወድቅና የሞተ ይመስላል።

ሶውፍላይ የተርብና የንብ ዘመድ ነው። እናትየው ጭራዋ ላይ ባለው መጋዝ መሰል ነገር ቅጠሉን ሰንጥቃ እንቁላሏን ውስጡ ትከታለች። ስለዚህ እንቁላሉን ጠርጎ መጣል አይቻልም። ለጎመን ትል የሚሸጠው ቢቲ የሚሠራውም በቢራቢሮና በእሳት እራት ትል ላይ ነው፣ እዚህ ገንዘብ ማባከን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጓሮው ትንሽ ከሆነ መርጨትም አያስፈልግም። ያቺን የመውደቅ አመሉን ተጠቀሙባት፦ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ሰፌድ ከስር ይዛችሁ ጎመኑን ነቅነቅ አድርጉና የወደቀውን የሳሙና ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ድፉት። በቀትር ብዙውን ጊዜ አፈር ውስጥ ስለሚደበቅ አትድከሙ። ለቀማውን ለጥቂት ቀናት ደጋግሙት።

ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ተመልሶ ከመጣ ምክንያቱ አፈሩ ነው። ትሉ ሲጠግብ መሬት ገብቶ ጎጆ ሠርቶ ይለወጣል። ጎመኑ ካለቀ በኋላ ቦታውን ኮትኩቱት፣ ጎጆው ለፀሐይና ለዶሮ ይጋለጥ። ዙሪያውን ያለውን የዱር ሰናፍጭም ንቀሉ፣ እዚያም ይራባል።

በጣም ከበዛ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ከኒም ዛፍ የሚሠራው መድኃኒት፣ ካልሆነም ስፒኖሳድ የተባለው ፀረ ተባይ ይሠራል። ስፒኖሳድ እርጥብ ሳለ ንብ ስለሚገድል አመሻሽ ላይ ርጩ፣ ጎመኑ አብቦ ከሆነ ግን ተዉት። ከተረጨ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚበላ ዕቃው ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት።

ቆጥራችሁ 5 ጥንድ ብቻ ካገኛችሁስ? ያኔ ቢቲው ትክክል ነበር። ምናልባት የቅጠሉን ጀርባ ሳትረጩ ቀርታችሁ ይሆናል።