ወደ ቡናማ የማያደላ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በጨለማ ክፍል እንዴት ይታተማል?

የጦሳ ጉም ወደ ደሴ ሲወርድ ያነሳችሁት ፎቶ አለ እንበል። አትማችሁ ስታወጡት ጥቁሩ ወደ ቡና ቀለም ካደላ ብርዱ ከፎቶው ይጠፋል። ጉም፣ ድንጋይ፣ የሐይቅ የጠዋት ውሃ ጥርት ያለ ግራጫ ወይም ትንሽ ሰማያዊ የሚል ጥቁር ይፈልጋሉ። የባቲን ሰኞ ገበያ በቀትር ፀሐይ ከሆነ ያነሳችሁት ግን ሞቅ ያለውን ቃና ተዉለት፤ ያምርበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወረቀቱ ላይ የምናየው ጥቁር፣ ብር የተባለው ማዕድን ነው። የብሩ ቅንጣት በጣም ደቃቅ ሲሆን ለዓይን ቡናማ ይመስላል። ተለቅ ሲል ወደ ንጹህ ጥቁር፣ አልፎም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ቅንጣቱ በደንብ እንዲያድግ ማድረግ ነው።

1. ወረቀቱን ምረጡ

ሞቅ ያለ ቃና እንዲሰጥ የተሠራ ወረቀትን በኬሚካል ታግሎ ማቀዝቀዝ ትርፉ ድካም ነው። ከወረቀት አምራቾቹ ከኢልፎርድ "መልቲግሬድ ኩልቶን"ን፣ ከፎማ "ፎማብሮም"ን ፈልጉ። "ፎማቶን" የሚለው ስም እንዳያሳስታችሁ፤ እሱ ሞቅ ያለው ነው። ወረቀት በእጅ የሚገባው ከውጭ በሚመጣ ሰው በኩል ከሆነ ስሙን ጽፋችሁ ስጡት።

2. ደቨሎፐሩን አዘጋጁ

ደቨሎፐር ምስሉን በወረቀቱ ላይ የሚያወጣው ኬሚካል ነው። ዴክቶል የተባለው ጥሩ ነው፤ አንድ እጅ ዴክቶል በሁለት እጅ ውሃ። አዲስ መሆን አለበት። ያተማችሁበት እያንዳንዱ ወረቀት ብሮማይድ ይለቅበታል፤ ብሮማይድ ሲከማች ደግሞ ቃናው ወደ ቡናማ ይሳባል። የትናንቱን ደቨሎፐር ለሙከራ ወረቀት እንኳ አልጠቀምበትም፤ የሙከራው ቃና ስለሚያታልል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ደሴ ላይ ብዙ ህትመት የሚበላሸው እዚህ ነው። ደቨሎፐሩ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ክፍሉ ራሱ ከዚያ በጣም ይወርዳል። በደቨሎፐሩ ውስጥ ያለው ሃይድሮኪኖን ብርድ አይችልም፤ ወደ 13 ዲግሪ ሲወርድ ሥራውን ሊያቆም ምንም አይቀረው። ያኔ ምስሉ ይወጣል፤ ግን ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፣ ቃናውም ይደፈርሳል። ብዙ ሰው ወረቀቱን ይወቅሳል። ጥፋቱ የብርዱ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ትልቅ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጉ፤ የደቨሎፐሩን ትሪ እሱ ላይ አስቀምጡ። ፔርሙዝ ሙሉ ሙቅ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር፤ ሳፋው ሲቀዘቅዝ ጨምሩበት። ሙቁን ውሃ ትሪው ውስጥ አታፍስሱ፣ ደቨሎፐሩ ይቀጥናል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለው ትሪ ጥሩ ዕቃ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሳፋው ይሻላል። ከሁሉም በፊት ግን ቴርሞሜትር ግዙ። ጣት ሙቀት አይለካም።

ኮምቦልቻ የምታትሙ በዚህ ብዙም አትቸገሩም።

3. ቤንዞትሪያዞል ጨምሩ

ቃናውን ወደ ሰማያዊ የሚገፋው ይህ ነው። 1 ግራም ቤንዞትሪያዞል በ100 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ አሟሙት፤ ጓንት አድርጉ። ለአንድ ሊትር የተበጠበጠ ደቨሎፐር ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር ጨምሩና ሞክሩ። ካልበቃ 20። ከዚያ በላይ መጨመር አልወድም። ወረቀቱ ለብርሃን ይደነዝዛል፣ ኮንትራስቱ (የጥቁርና የነጩ ልዩነት) ይጠነክራል፣ የሰው ፊትም የሞተ ይመስላል። በ10 ሚሊ ሊትርም ቢሆን የብርሃን ጊዜውን ትንሽ ማስረዘም ግድ ነው።

4. አትሙ፣ ጊዜውንም ጨርሱ

ፋይበር ወረቀት ከሆነ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ፤ ፕላስቲክ ሽፋን ያለው ከሆነ አንድ ደቂቃ ተኩል። ፎቶው ቶሎ ጠቆረ ብላችሁ ጊዜው ሳይሞላ ከትሪው አታውጡት። እንዲህ ያለ ህትመት ቡናማና ዝርግ ይሆናል። ከጠቆረባችሁ በኢንላርጀሩ (ምስሉን አጉልቶ ወረቀቱ ላይ በሚያበራው መሣሪያ) የብርሃኑን ጊዜ ቀንሱና እንደገና አትሙ። ስቶፕ ባዝ (የደቨሎፐሩን ሥራ የሚያቆመው) እና ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው) እንደወትሮው ነው።

5. ቃናውን በቀን ብርሃን እዩ

ቢጫ አምፖል ሥር ሁሉም ፎቶ ሞቅ ያለ ይመስላል። እርጥብ ፎቶም ሲደርቅ ይለወጣል፤ ትንሽ ይጠቁራል፣ ቃናውም ይዞራል። ስለዚህ የሙከራውን ቁራጭ አድርቁና ጠዋት መስኮት አጠገብ እዩት። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አቋራጭ ግን የለውም።

6. ከፈለጋችሁ ቶነር

ቶነር የታተመውን ፎቶ ቃና የሚለውጥ ኬሚካል ነው። ሴሌኒየም ቶነር አንድ እጅ በሃያ እጅ ውሃ፣ ለ2 ወይም 3 ደቂቃ። ጥቁሩን ያጠልቀዋል፤ አንዳንድ ወረቀት ላይ የሚታየውን አረንጓዴ ጥላም ያነሳል። ስትቆዩበት ግን ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። መርዝ ስለሆነ ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ፊክሰሩ በደንብ ያልታጠበለት ፎቶ እዚህ ውስጥ ከገባ እድፍ ያወጣል፤ አይለቅም።

የወርቅ ቶነር ከሁሉም በላይ ወደ ሰማያዊ ይወስዳል። ውድ ነው። እኔ ለግድግዳ ለሚሆን አንድ ፎቶ ካልሆነ አላወጣውም።

በመጨረሻ ፋይበሩን ለአንድ ሰዓት በሚፈስ ውሃ እጠቡት። ሲደርቅ ከጀርባው ዳር ላይ በእርሳስ የወረቀቱን ስም፣ የደቨሎፐሩን ሙቀትና የቤንዞትሪያዞሉን መጠን ጻፉ።