የቆዳ ካንሰር ፓች ስትሠሩ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ዘንድሮም ተማሪዎች የሚያሳዩን ስላይድ ያው ነው። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሃይድሮጄል (ውሃ ያዘለ ለስላሳ ጄል)፣ ውስጡ ዶክሶሩቢሲን ወይም 5-ፍሎሮዩራሲል የሚባል የካንሰር መድኃኒት፣ ከዚያ ሽቅብ የሚወጣ የሚያምር የልቀት ከርቭ። «መድኃኒቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተለቀቀ።» የት? ቡፈር (ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የተዘጋጀ የላብራቶሪ ፈሳሽ) ውስጥ። ካንሰሩ ግን ቡፈር ውስጥ አይደለም ያለው።

ጄሉን ዲያሊሲስ ከረጢት (ጄሉን ይዞ መድኃኒቱን የሚያሳልፍ ስስ ከረጢት) ውስጥ ከትታችሁ የምታገኙት ቁጥር የሚናገረው መድኃኒቱ ከጄሉ መውጣቱን ብቻ ነው። እሱ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ የቆዳው የላይኛው ንብርብር፣ ስትራተም ኮርኒየም ነው። በአብዛኛው ሰውነታችን ላይ ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በላይ የሆነ ሞለኪውል በቀላሉ አያሳልፍም። ዶክሶሩቢሲን 543 ገደማ ነው። 5-ፍሎሮዩራሲል 130 ብቻ ስለሆነ ተማሪዎች ደስ ይላቸዋል፤ እሱ ደግሞ ውሃ ወዳድ ነውና ቅባታማው ንብርብር ላይ ይቸገራል።

የሚያናድደኝ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ፍራንዝ ሴል (ከላይ መድኃኒቱ፣ ከሥር ቡፈር፣ መሃሉ ላይ ቆዳ የሚዘረጋበት የመፈተኛ ዕቃ) ላይ እውነተኛ ቆዳ ዘርግተው ይሠራሉ (ጎበዞች!)፣ ከዚያ ከሥር ባለው ቡፈር ውስጥ ብዙ መድኃኒት ሲያገኙ ያጨበጭባሉ። ቆይ እንጂ! ያ የታችኛው ክፍል የሚወክለው ደሙን ነው። እኛ የፈለግነው መድኃኒቱ ዕጢው ጋ እንዲቀር ነው፤ ወደ ደም የሚያልፍ ከሆነማ ለምን ፓች ሠራን፣ በደም ሥር መስጠት አይሻልም ነበር? ስለዚህ ቆዳውን አውጡት፣ ላዩን አጽዱት፣ ስትራተም ኮርኒየሙን በቴፕ ደጋግማችሁ ላጡት፣ ከዚያ ከሥሩ ያሉትን ንብርብሮች፣ ኤፒደርሚሱንና ደርሚሱን፣ ለየብቻ ከትፋችሁ ውስጣቸው የቀረውን መድኃኒት ለኩ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ቴሲሳችሁ ግን ያ ቁጥር ነው።

ቆዳው የማን ነው? የአይጥ ቆዳ ስስና ፀጉራም ነው፣ ብዙ ያሳልፋል፣ ያሞኛችኋል። የአሳማ ጆሮ ለሰው ቆዳ ይቀርባል። እኛ አገር ቄራ ሄዳችሁ የምታገኙት ነገር አይደለም፤ ውጭ ያላችሁ ግን ስትወስዱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከመነከሩ በፊት የተቆረጠ መሆኑን ጠይቁ። ፀጉሩን ለማንሳት ይነክሩታል፣ ከዚያ በኋላ ያ ቆዳ ምንም አያግድም። አንድ ልጅ መድኃኒቱ ለምን እንዲህ እንደሚያልፍለት ግራ ገብቶት ስንት ጊዜ ፎርሙላውን ቀያየረ፤ ባለ ሉካንዳውን የጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው።

ጄሉን በግሉታራልዴሃይድ (ራሱ ሴል የሚገድል ማያያዣ ኬሚካል) አያይዛችሁ በደንብ ሳታጥቡት «ፓቹ የካንሰር ሴሎቹን ገደለ» አትበሉ፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ አይታወቅም። መድኃኒት የሌለው ባዶ ጄል ሁሌም አብሮ ይፈተን።

ኮርስሜየር-ፔፓስ የሚባለው የመድኃኒት ልቀት ቀመር የሚሠራው ለመጀመሪያው 60 በመቶ ልቀት ነው። እስከ 100 ጎትታችሁ የምታገኙት ጥሩ አር-ስኩዌር (ቀመሩ ከዳታው ጋር ምን ያህል እንደገጠመ የሚያሳይ ቁጥር) ምንም አይነግረንም።

«የዕጢ ፒኤች» (የአሲድነት ልክ) ብላችሁ 5 ላይ አትፈትኑ። ዕጢ አካባቢ ያለው ከ6.5 እስከ 6.9 ገደማ ነው።

ደግሞ ጄሉ ይደርቃል። ላብራቶሪ ውስጥ ከእርጥብ ሳህን አንስታችሁ ስታሳዩን ቆንጆ ነው፤ ሰው ላይ ሲለጠፍ ግን ይጨማደዳል፣ ጠርዙ ይነሳል። ከጀርባው ውሃ የማያሳልፍ ፊልም ያስፈልገዋል። ያ ፊልም ታዲያ ቆዳውን አርሶ መድኃኒቱ የሚያልፍበትን መጠን ራሱ ይቀይረዋል፤ ስለዚህ ፍራንዝ ሴሉም ላይ ከነፊልሙ ይፈተን፣ የቆዳው ገጽ 32 ዲግሪ ላይ ሆኖ።

የመጨረሻው ርዕሱ ላይ ያለ ስህተት ነው፤ «ለቆዳ ካንሰር» ይላል። ለየትኛው? ላዩን ብቻ ለያዘ ባዛል ሴል ካርሲኖማ (አንዱ የቆዳ ካንሰር ዓይነት) ከሆነ የ5-ፍሎሮዩራሲልና የኢሚኩዊሞድ ክሬም ድሮም አለ፤ ፓቻችሁ ከክሬሙ ጋር ይወዳደር፣ ከባዶ ቆዳ ጋር ሳይሆን። ሜላኖማ (ከቆዳ ቀለም ሴሎች የሚነሳው አደገኛ ካንሰር) ከሆነ ቀዶ ሕክምናን ይተካል ብላችሁ አትጻፉ። ለእኛ ሕዝብ ነው የምትሉም ካላችሁ፣ ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው እግር ላይ፣ በተለይ ውስጥ እግር ላይ መሆኑን አትርሱ። እዚያ ስትራተም ኮርኒየሙ በመቶዎች ማይክሮሜትር ይቆጠራል፣ ላብ አለ፣ ሰውየውም ይራመድበታል። ይህን ያሰበ ፕሮፖዛል እጄ ገብቶ አያውቅም።